ሁለት ጊዜ የተበላ ገንፎ

በዚህ ሰሞን ከልጄ ከመክሊት ጋር ወደ አዲሱ ገበያ ወርደን ነበር። ወሯ ገብቷል። ሐኪሟ «በእግርሽ መንቀሳቀስ ጥሩ ነው» ብሏታል፤ እኔ ደግሞ እሷ ብቻዋን ከወጣች ልቤ አብሯት ስለሚወጣ፣ እግሬም ይከተለው ብዬ ተነሣሁ። ባዶ እጄን ግን አልወጣሁም። የሕፃን ልብስ፣ ሁለት ፎጣ፣ ጋቢ፣ ብስኩትና የሚጠጣ ውሃ የጠቀጠቅሁበት ዘንቢል ክንዴ ላይ አለ። «እማ፣ ገበያ እኮ ነው የምንሄደው፣ ክፍለ ሀገር አይደለም» አለችኝ። «ምጥ ቀጠሮ አያከብርም» አልኳት። ስልኳ ውስጥ የእርግዝናዋን ሳምንት የሚነግራት፣ ምጡም ሲመጣ የሚቆጥርላት ነገር አለ፤ ሕፃኑ ዛሬ ሎሚ አከለ፣ ዛሬ ፓፓያ አከለ፣ ዛሬ ዱባ አከለ እያለ አትክልት ተራ ያዞረዋል። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ሲባል ስሰማ ተረት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን በየቁርሱ ትምህርቱን እየተከታተልኩ ነው። እኔም ዝም አልላትም። በጠዋት ገና ዓይኗን ሳትገልጥ «ወገብሽን አላመመሽም? ሆድሽ አልወረደም? እስቲ ቁሚ ልየው» እላታለሁ። ከመብዛቱ የተነሣ አሁን አሁን መልስ መስጠት ትታለች።

ከአደባባዩ ትንሽ ዝቅ እንዳልን የጎሚስታ ሽታ መጣ። የተቃጠለ ጎማና ማስቲሽ፣ ከአቧራና ከናፍጣ ጋር። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው ሽታ ነው፤ እኔን ግን እግሬን ያዘኝ። ባለቤቴ ታደለ ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ ወገቡ አልታዘዝ ብሎት ከሬዲዮው ጋር ቤት ይውላል፣ ሱቁም መንገዱ ሲሰፋ ፈርሷል። ሌላዋ ሴት ሽቶ ሲሸታት ባሏ ትዝ ይላታል፤ እኔ የሰው መኪና ጎማ ሲፈነዳ። በዚህ መሐል መክሊት አንድ መጥረጊያ ሻጭ ዘንድ ቆማ «ይሄ ስንት ነው?» ትላለች። ቤት ሦስት መጥረጊያ አለን። ምን አደከማት ብዬ እንኳ ሳላስብ፣ ሐሳቤ ሽታውን ተከትሎ ሄደ።

ያኔ የምንኖረው ከቁስቋም ማርያም ዝቅ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ነበር። ዓመተ ምህረቱን አትጠይቁኝ፤ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ቁጥርና እኔ በጊዜ ተለያይተናል። ከአዲሱ ገበያ ፒያሳ በሳንቲም የሚኬድበት፣ ሴቱ ሽንሽን ጉርድ ለብሶ ከላይ በእጅ የተሠራ ሹራብ የሚደርብበት፣ ካሴት ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አዙረው እርስ በርስ የሚጯጯሁበት ዘመን ነው። አሁን የእጽዋት ማዕከል የሆነው ጋራ ያኔ ለእኛ ጫካ ብቻ ነበር፤ ሲነፍስ የባሕር ዛፉ ሽታ እስከ አልጋችን ድረስ ይገባል። ታደለ ማታ ሲገባ ደግሞ የጎማው ሽታ ይቀላቀለዋል። ዳቦው ትልቅ ነበር። ዛሬ ዳቦ ስገዛ «ሌላው ግማሽ የት ሄደ?» ልል ይዳዳኛል። የግቢያችን ባለቤት እትዬ ብዙነሽ ይባላሉ፤ ሰባት ወልደዋል፣ ሰባቱንም በየተራው ደጋግመው ይተርኩልናል። እኔና ታደለ ጴንጤዎች ነን፣ እሳቸው የቁስቋም ማርያም ማኅበርተኛ። በዚህ ተጣልተን አናውቅም፤ የተጣላነው በልብስ ማስጫ ገመድ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ወሬ ሲገባ፣ ፍርሃት ከሆዴ በላይ ገፍቶ ነበር። ምክንያት አለኝ። እናቴ የሞተችው በወሊድ ነው። የመጣባትን ምጥ «የሥራ ድካም ነው፣ ያልፋል» እያለች ስታጭድ ዋለች፣ ለሰው ስትናገር ዘግይቶ ነበር። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ያቺን «ያልፋል» የምትለውን ቃሏን ብቻ አስታውሳለሁ። ስለዚህ ምጥ ሲመጣብኝ ሳላውቀው እንዳያልፍ፣ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ምልክቱን እጠይቅ ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እንዲህ አለችኝ፦ «ሕመሙ እየመጣ እየሄደ፣ እየበረታና እየተቀራረበ ከመጣ፣ ስትራመጂም ካልለቀቀሽ ምጥ ነው። ስታርፊ ወይም ወዲያ ወዲህ ስትዪ ከጠፋ የውሸት ምጥ ነው። ደም የነካው ዝልግልግ ነገር ካየሽ ቀኑ ደርሷል ማለት ነው። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወይም ደም ከመጣሽ ግን ሕመም እስኪጀምርሽ እንኳ አትጠብቂ፤ ነይ።» እንደ ሰንበት ትምህርት ጥቅስ በቃሌ ያዝኩት።

ለእትዬ ብዙነሽ ብነግራቸው ከንፈራቸውን ጠመም አደረጉ። «ነርሷ ወልዳለች?»

«እኔ እንጃ፣ አልጠየቅኋትም።»

«እኔ ሰባት ወልጃለሁ። ምጥ በወገብ ነው የሚገባው። ወገብሽ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ሲል፣ ያን ጊዜ ጥሪኝ።»

ከጎናችን የምትኖረው የሸማኔው ሚስት አማረች ሌላ ምልክት ነበራት። «የባልሽ ሽታ ሲያስጠላሽ፣ በቃ ደርሷል» አለችኝ።

«አማረችዬ፣ እንዲያ ከሆነ እኔ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ምጥ ላይ ነኝ» አልኳት።

ታዲያ አንድ ቀን፣ የእሸት ወራት ነው፣ አንዲት ሴት ከሱሉልታ በኩል እሸት ሽምብራ ተሸክማ በደጃችን አለፈች። እንዳለ ከነግንዱ አንድ እቅፍ ገዛሁና ፀሐይ ላይ ተቀምጬ እየፈለፈልኩ ጨረስኩት። በላዩ ላይ እትዬ ብዙነሽ ማኅፀን ያለሰልሳል ብለው በየጠዋቱ የሚያጠጡኝን ተልባ ደገምኩበት። ከሰዓት በኋላ ሆዴ ውስጥ ጋሪ መዞር ጀመረ። እየመጣ ይሄዳል። መጣ! ሄደ! መጣ! ጥቅሱ ትዝ አለኝ፣ እናቴም ትዝ አለችኝ፣ እንደ እሷ ዝም ብዬ አልሞትም አልኩና ቁስቋም ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጮኽኩ።

ግቢው በአንድ ጊዜ ሞላ። እትዬ ብዙነሽ ከጎረቤት ሴቶች ጋር በራፌ ላይ ተንበርክከው «ማርያም! ማርያም!» ይላሉ። ወዲያው ደግሞ የጸሎት ቡድኔ እህቶች ደርሰው በመስኮቱ በኩል «በኢየሱስ ስም!» ማለት ጀመሩ። አንዱ ወገን ሲበረታ ሌላው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እኔ መሐል ሆኜ፣ ማንንም ላለማስቀየም ለሁሉም «አሜን» እላለሁ። ታደለ በሰው ተጠርቶ ጎማ ቀይሮለት በነበረ የላዳ ታክሲ ደረሰ፣ ከነቱታው፣ ክሪኩን በእጁ እንደያዘ። ደግፈው ሲያስገቡኝ እትዬ ብዙነሽ «ሂጂ ልጄ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ! ገንፎውን አሁን ነው የምጥደው። ወላድ ቤቷ ስትመለስ ገንፎ ካልጠበቃት ባዶ ሆዷን ንፋስ ይመታዋል» አሉ።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ሆዴን ዳሰሰች፣ አዳመጠች፣ ጠበቀች። ከዚያ «ዛሬ ምን በላሽ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ስንት እንደበላሁም በእጄ አሳየኋት። እሷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ሆዴ ራሱ መለሰ፤ በክፍሉ ውስጥ የነበሩ ሁሉ ሰሙት። «ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለችኝ ሳቋን በፎጣ ሸፍና።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ላዳዋ ቶሎ መመለሷን ከሩቅ ያዩ ሴቶች፣ ምጡ ቀንቷት ወለደች ብለው ደመደሙ። ሆዴ ሾጠጥ ያለ ስለነበር ደግሞ ወንድ ነው ብለው ወስነዋል። መኪናው ሳይቆም እልልታው ቀለጠ፤ ሰባት ጊዜ፣ ለወንድ የሚገባውን ሙሉውን። እኔ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ወረድኩ። ስምንተኛው እልልታ አማረች ጉሮሮ ላይ ቀረ።

«ልጁስ?» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

ታደለ መሬት መሬቱን እያየ «ሽምብራ ነው» አለ።

«ምን?»

«የተገላገለችው... ሽምብራ ነው እትዬ።»

ገንፎው ግን ተሠርቷል። በትልቁ ገበታ ላይ እንደ ጋራ ተቆልሎ፣ መሐሉ ላይ በርበሬና የጎረቤቱ ሁሉ ቅቤ እንደ ኩሬ ሞልቶበታል። አማረች «ልጁ ሳይመጣ ገንፎው ከተበላ ይቀየማል» አለች። እትዬ ብዙነሽ ትንሽ አሰቡ። «ተቀይሞ የት ሊሄድ ነው? ይልቅ ትኩስ ገንፎ ተሠርቶ ሲበርድ ነው የሚቀየመው። ብሉ!» አሉ። ተበላ። የላዳው ሹፌር ሳይቀር እጁን ታጥቦ ገባ። ከሁሉም የበለጠ የበላሁት እኔ ነበርኩ፣ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ሆዴ ቀልሎኛል። ሲጨረስ እትዬ ብዙነሽ ማንኪያቸውን ወደ ላይ አንሥተው «ከእንግዲህ ልጁን በዓይኔ ካላየሁ እሳት አልለኩስም!» ብለው ማሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ስሜ ጠፋ። ቦኖ ውሃ ስቀዳ «ሽምብራ፣ ተራሽ ደርሷል»፣ ገበያ ስወርድ «ሽምብራ፣ ዛሬ ምን አማረሽ?» ሆነ። የጸሎት ቡድኔ እንኳ «ስለ እህታችን ስለ ሽም...» ብሎ ጀምሮ ያውቃል።

«እማ፣ ይሄ መስታወት ስንት ይሆናል?» አለች መክሊት ክንዴን ይዛ። አንድ የመታጠቢያ ቤት መስታወት ሱቅ ፊት ቆመናል። ሻጩ ዋጋውን ነገራት፤ እሷ አትሰማውም፣ መስታወቱ ውስጥ ፊቷን ትክ ብላ ታያለች። የዛሬ ልጆች ራሳቸውን ማየት ይወዳሉ ብዬ አለፍኩት። ሰማይ ጠቀሱን ፎቅ፣ ሰፊውን መንገድ፣ የስልክ መሸፈኛ ሻጩን እያየሁ፣ ድሮ እዚህ ጋ ካሴት ቤት ነበረ ስል አሁንም በሐሳብ ጥያት ሄድኩ።

ምክንያቱም እውነተኛው ቀን የመጣው እዚሁ መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ልብስ እያጠብኩ ወገቤን ያዝ አደረገኝ። ለቀቀኝ። ሳሰጣ ደግሞ ያዘኝ። እትዬ ብዙነሽ ከበራቸው ሆነው «ምነው ጎበጥሽ? ሽምብራ ዛሬም በደጃችን አለፈ እንዴ?» ሲሉኝ «ኧረ ደህና ነኝ» አልኩ። ብናገር ግቢው ሊስቅብኝ ነው። ዝም ብል ደግሞ እናቴ አለች፣ ማጭዷን ይዛ «ያልፋል» የምትለው። በሁለቱ መሐል ቆሜ የነርሷ ቃል ትዝ አለኝ፦ ስትራመጂ ከጠፋ የውሸት ነው። እንግዲያውስ እራመዳለሁ። ከጠፋ ማንም ሳያውቅ ጎመን ገዝቼ እመለሳለሁ፤ ካልጠፋ ታደለም ጤና ጣቢያውም ያሉት እታች ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

ቁልቁለቱን ጨርሼ ግማሽ መንገድ ያህል ምንም አልነበረም። «ጠፋ!» ብዬ ደስ ሲለኝ አንድ የፕላስቲክ ጫማ ሱቅ ፊት ያዘኝ። ሰው እንዳያውቅብኝ የሱቁን መደርደሪያ ጨበጥኩና «ይሄ ስንት ነው?» አልኩ በተነከሰ ጥርስ። ሻጩ ነገረኝ። እኔ መናገር ስለማልችል ዝም ብዬ አፈጠጥኩበት። «እሺ ትንሽ ልቀንስልሽ» አለ። ሕመሙ ሲለቀኝ «አይ ተወው» ብዬ ሄድኩ። ከዚያ ማዕዘኑ ላይ፣ የወንድ ባርኔጣ። ከዚያ ካሴት ቤቱ። «የማን ካሴት ልስጥሽ?» ሲለኝ «የቱም ይሁን፣ ረጅሙን አሰማኝ» አልኩት። አንዲት ሴት በትዝታ ቅኝት ስለሄደ ሰው ስትዘፍን፣ እኔ ጠረጴዛውን ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ እንባዬ ፈሰሰ። ሻጩ ልቡ ተነክቶ «የተለየሽ ሰው አለ እንዴ እህቴ?» አለኝ። «አይ፣ እየመጣ ያለ ነው» አልኩት።

ከካሴት ቤቱ ቀጥሎ ያለው የሳፋና የድስት ሱቅ ነው። ገና ደጃፉን ሳላልፍ መጣ። ሰማያዊ የብረት ሳፋ በሁለት እጄ ያዝኩ። ሻጯ ዋጋ ጠራች፣ ዝም አልኩ። ቀነሰች፣ ዝም አልኩ። «ኧረ እመቤቴ፣ ፊትሽ ያስፈራል፣ ከዚህ በታች ከሄድኩ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» አለችና ደግማ ቀነሰች። ሳፋውን መልቀቅ ስላልቻልኩ ገዛሁት። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተከራክሬ አላውቅም፣ ያውም ቃል ሳልተነፍስ። ሳፋውን በራሴ ላይ ይዤ ስወጣ ነው ነገሩ የገባኝ። ሕመሙ መጀመሪያ በየሰፈሩ ነበር፤ ከዚያ በየማዕዘኑ፤ አሁን በየሱቁ ሆኗል። «እየተቀራረበ» ያለችው ይሄንን ነው! ሽምብራው እኮ እንዲህ በሥርዓት አልሄደም፤ እንደፈለገ ነበር የሚንጫጫው። ሩጫም እርምጃም ባልሆነ አካሄድ ታደለ ጋ ደረስኩ።

ታደለ አንድ ላዳ በክሪክ አንሥቶ፣ የጎማውን ውስጠኛ ላስቲክ፣ ካላማዳሪውን፣ በግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሮ አየር የሚያፈስበትን ቦታ ይፈልጋል። «ታደለ፣ ና እስቲ» ብዬ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ውስጤ አንድ ነገር ጧ አለና እግሬ ሥር ውሃ ወረደ።

«ኧረ ይሄ በርሜል ያፈሳል!» አለ ታደለ፤ ጎንበስ ብሎ በርሜሉን መመርመር ጀመረ። በርሜሉ ሙሉ ነው። ቀና ብሎ ጎማውን አየ፣ እኔን አየ። «ዛሬ ደግሞ... ሽምብራ በልተሽ ነው?»

«ታደለ፣ ከትናንት ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም! ልጅህ ነው!»

የላዳው ባለቤት ብቅ ሲል ያው ገንፎ የበላው ሹፌር ነው። «ዛሬስ ምንድን ነው? ባቄላ?» አለ። ከዚያ መሬቱን አየና ሳቁ ጠፋ። ታደለ ያን ጎማ ያሰረበትን ፍጥነት በዓይኔ ያላየ አያምነኝም። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ «አንቺ ደግሞ!» ብላ ጀመረች፣ ስትመረምረኝ ድምፅዋ ተለወጠ። «ምን ስትሠሪ ዘገየሽ?»

«ዋጋ ስጠይቅ» አልኳት።

መክሊት ፀሐይ ሳትጠልቅ ተወለደች። ታደለ እጁን ለመታጠብ ጊዜ አላገኘም፤ የመጀመሪያው ፎጣዋ ላይ የአምስት ጣቱ ጥቁር አሻራ ቀርቷል፣ እስከ ዛሬ አላጠብኩትም። እትዬ ብዙነሽ መልእክት ሲደርሳቸው እንደ መሐላቸው እሳት አልለኮሱም። ነጠላቸውን አደግድገው ቁልቁለቱን ወርደው መጡና ፎጣውን ገለጥ አደረጉ። መክሊትን ትክ ብለው አዩዋት። «አንቺ ነሽ ገንፎሽን ቀድመሽ ያስበላሽን?» አሏት። ሦስት ጊዜ እልል አሉ፣ የሴት። «ሰባቱን ቀደም ብለን ሰጥተናታል። አሥር እልልታ ያላት ሴት በጉለሌ አሳዩኝ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ። «አሜን» አልኩ። ያን ቀን አሜን ያላልኩት ነገር የለም። ማታ ገንፎው ሁለተኛ ተበላ፤ በሰማያዊው ሳፋ ደግሞ ልጄ ታጠበች።

ይሄን ሁሉ እያሰብኩ መክሊትን ተከትዬ ስሄድ የጎሚስታው ደጃፍ ደርሰናል፤ ከመስታወቱ ሱቅ ቀጥሎ ያለው ነው። እሷ የተቆለሉትን ጎማዎች በአንድ እጇ ተደግፋ፣ አንገቷን ደፍታ ጎሚስታውን «ይሄ ጎማ... ስንት ነው?» ትለዋለች።

«ለምን ዓይነት መኪና?» አላት።

መኪና የለንም።

ዘንቢሉ ከክንዴ ወረደ። በየጠዋቱ ሆድ የማየው፣ ወገብ የምጠይቀው ሴትዮ፣ ልጄ ከጎኔ በየሱቁ ስታምጥ እኔ የድሮ ዳቦ እያሰብኩ ነበር። ጠጋ ብዬ እጇን ያዝኩ። ጨመቀችኝ፤ ያ አጨማመቅ ሳፋ ያስገዛል። ሲለቃት ቀና አለች።

«እማ፣ እንዳትጮኺ።»

«አልጮህም።» የነጠላዬን ጫፍ ነክሻለሁ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጥረጊያው።»

«ምነው ልጄ፣ ምነው ዝም አልሽ?»

«ሰፈሩን ሁሉ ትሰበስቢብኛለሽ ብዬ ነዋ! እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው።» ስልኳን አሳየችኝ፤ እሱም እየቆጠረ ነበርና «ወደ ሆስፒታል ሂጂ» ይላል። እኔና ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን። ምላሴ ጫፍ ላይ «ምን በላሽ?» የሚል ነገር መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ጎሚስታው ለእሷ መቀመጫ፣ ለእኔ ውሃ አቀረበ፤ ከሁለታችን የባሰብኝ እኔ መስዬው መሆን አለበት።

የጠራችው ታክሲ እስኪደርስ እትዬ ብዙነሽ ጋ ደወልኩ። ዕድሜያቸውን እሳቸውም አያውቁትም፣ ግን ያው ግቢ ውስጥ አሉ፣ ጆሯቸውም ደህና ነው።

«እትዬ፣ የመክሊት ምጥ መጥቷል። ወደ ሆስፒታል ልንሄድ ነው።»

«ልጁን አይተሽዋል?»

«ኧረ ገና ነው እትዬ፣ አሁን መጀመሯ ነው።»

«እንግዲያው መሐላዬን ታውቂዋለሽ። በዓይኔ ካላየሁ እሳት የለም» አሉና፣ ስልኩ የተዘጋ መስሏቸው ወደ ቤት ውስጥ ሲጣሩ ሰማኋቸው፦ «አንቺ ማነሽ! ወንፊቱን አምጪው! የገብሱን ዱቄት፣ ቶሎ በይ!»